ዲሲ ያላችሁም የምትመጡም፣ የፖርትሬት ሙዚየሙን «ማን ከፈለ?» እያላችሁ እዩት

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች የምናዞርበት መንገድ ያው አንድ ነው። ዋይት ሃውስ አጥር ሥር ፎቶ፣ ሊንከን ደረጃ ላይ ፎቶ፣ ከዚያ ክትፎ። እንግዳውም ደስ ይለዋል፣ እኛም ግዴታችንን ተወጣን ብለን እንገላገላለን። እኔ ዛሬ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቦታ እንድታስገቡ ልወተውታችሁ ነው። ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ይባላል። የአሜሪካን ታሪክ በሰው ፊት ብቻ የሚተርክ ሙዚየም ነው። ታንክ የለም፣ የዳይኖሰር አጥንት የለም፣ ጨረቃ ላይ የሄደ መንኮራኩር የለም። ሰው ብቻ። ፕሬዚዳንት፣ ከባርነት የወጣች ሰባኪ፣ ፊደል የፈጠረ ቸሮኪ (ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ)፣ ሳታውቀው ሕክምናን የለወጠች የአምስት ልጆች እናት።

መግቢያው በነፃ ነው። ትኬት የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ቦርሳችሁን አሳይታችሁ ትገባላችሁ። ጋለሪ ፕሌስ ቻይናታውን ባቡር ጣቢያ ስትወጡ እዚያው ነው፤ ያ ወፋፍራም ዓምድ ያለው የድሮ ሕንጻ። የቅርጫት ኳስ ለማየት ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ በአጠገቡ አልፋችኋል። ብዙዎቻችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስሎን ነው የምናልፈው። ደግሞም አልተሳሳትንም፣ መሥሪያ ቤት ነበር።

ግንባታው የተጀመረው በ1836 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ የሚሰጥበት ቢሮ ሆኖ ነው የተሠራው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታል ሆነ፤ ገጣሚው ዋልት ዊትማን እየመጣ ቁስለኞቹን ይጠይቅ ነበር። በ1865 ማርች ላይ ደግሞ የሊንከን የሁለተኛ ዘመን ሥልጣን ድግስ የተደገሰው እዚሁ ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ ምን ቢታሰብ ጥሩ ነው? አፍርሰው የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት። መሃል ዲሲ ፓርኪንግ ፍለጋ ዞሮ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ጨርሶ አይጠላውም፤ ግን እንኳን ተረፈ። በ1958 የአገሪቱን ሙዚየሞች ለሚያስተዳድረው ለስሚዝሶኒያን ተሰጠ፣ በ1968 ፖርትሬት ጋለሪው ለሕዝብ ተከፈተ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አሰልቺው አካሄድ ከክፍል ክፍል እየዞሩ «እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ» እያሉ ማለፍ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁሉም ፊት አንድ ይሆንባችኋል። ዊግ ያደረጉ ሽማግሌዎች። ስለዚህ እኔ አንድ ዘዴ አለኝ። እያንዳንዱ ሥዕል ፊት ስትቆሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ለዚህ ሥዕል ማን ከፈለ? በቃ። ይህን እየጠየቃችሁ ከዞራችሁ ሙዚየሙ ሌላ ሙዚየም ይሆናል።

የእኛ አባቶች በዚህ ነገር ግልጽ ነበሩ። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ የሄደ ሰው ያውቃል፤ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኑን አሠርታ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላለች። ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ነገር ግን ቦታዬ ከሥር ነው ማለቷ ነው። አሜሪካኖቹ ጋ ከፋዩ ከሥር አይደፋም። ብዙ ጊዜ ራሱ ነው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው።

ከአንደኛ ፎቅ ጀምሩ። «አውት ኦፍ ሜኒ» የሚባለው ቋሚ ኤግዚቢሽን እዚያ ነው፤ ከ1600 እስከ 1900 ያለውን ዘመን ይይዛል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ድብልቅልቅ ያሉ ናቸው፤ ቅኝ ገዢዎች፣ የነባር ሕዝቦች መሪዎች፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች፣ ደራሲዎች፣ ነጋዴዎች። አንዳንዱን በጥድፊያ እለፉት፣ ምንም አይቀርባችሁም። ሴኮያ ጋ ግን ቁሙ።

ሴኮያ የቸሮኪ ሰው ነው። ራሱ ላይ ሻሽ ጠምጥሟል፣ አፉ ላይ ረጅም ቀጭን ፒፓ አለ፣ አንገቱ ላይ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል። ዓይናችሁ ግን የሚሄደው እጁ ላይ ነው። በአንድ እጁ ሰሌዳ ይዟል። ሰሌዳው ላይ ፊደላት በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ በሌላኛው እጁ ደግሞ ወደ ፊደሉ ይጠቁማል። የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ሀሁ የቆጠረ ሰው ይህን አቀማመጥ ሲያየው ሳቅም እንባም ይመጣበታል።

ሰውየው እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ነጮቹ ወረቀት ላይ ምልክት አድርገው ከሩቅ ሰው ጋር ሲነጋገሩ አየ፤ ይሄማ ለእኛም ይቻላል አለና ዓመታት ፈጅቶ ለራሱ ቋንቋ ፊደል ሠራ። በ1821 ጨረሰው። ከሰማንያ በላይ ፊደላት አሉት፣ እና እያንዳንዱ ፊደል እንደ እኛው አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ «በ» «ቡ» «ቢ» እንደምንለው ዓይነት። ሕዝቡ በአጭር ጊዜ ማንበብና መጻፍ ቻለ፣ በ1828 በዚያ ፊደል ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚህ ጋ አስቁሟቸው። አማርኛ ፊደል አስቸገረን የሚሉ ልጆች ፊደል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊፈጥረው እንደሚችል ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል።

ማን ከፈለ? መንግሥት። ያኔ ለስምምነትና ለድርድር ዋሽንግተን የሚመጡ የነባር ሕዝቦች መልእክተኞችን መንግሥት እየከፈለ ያስላቸው ነበር። ሴኮያንም ሠዓሊው ቻርልስ በርድ ኪንግ በዚህ መንገድ ነው የሳለው። ዋናው ሥዕል ግን የለም። በ1865 ጃንዋሪ የስሚዝሶኒያን ቀዩ ሕንጻ ሲቃጠል ከሌሎቹ ጋር አብሮ ነደደ። እኛ የምናየው ሄንሪ ኢንማን የሚባል ሠዓሊ ከዋናው ላይ የገለበጠውን ነው። ያው ሥዕሉን ያሠራው መንግሥት ደግሞ በ1830 ነባሮቹን ከምድራቸው የሚያስነቅል ሕግ አወጣ፤ በ1838 እና 1839 ቸሮኪዎቹ በወታደር እየተነዱ ወደ ምዕራብ ሲጋዙ በሺዎች የሚቆጠሩት መንገድ ላይ አለቁ። ሕጉን የፈረመው አንድሩ ጃክሰን ነው። እሱን ፎቅ ላይ ፕሬዚዳንቶቹ ክፍል ታገኙታላችሁ። ካልሆነም ኪሳችሁ ውስጥ ሃያ ዶላር ካለ እሱ ላይ አለ።

ሁለተኛ ፎቅ እንሂድ። የፕሬዚዳንቶቹ አዳራሽ እዚያ ነው፣ ሰው የሚበዛውም እዚያ ነው። ከዋይት ሃውስ ውጪ የፕሬዚዳንቶች ሥዕል ሁሉ ተሟልቶ የሚገኝበት ቦታ ይሄ ነው ይሉታል።

ንጉሡ ያው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። «ላንስዳውን» ይሉታል ሥዕሉን፤ ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 የሳለው። ትልቅ ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ በግራ እጁ ሰገባ ውስጥ ያለ ሰይፍ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከኋላው በመስኮቱ በኩል ቀስተ ደመና ይታያል፤ ማዕበሉ አልፏል ለማለት ነው። ጠጋ ብላችሁ አፉን እዩት። ድርቅ ብሏል። የዚያን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ነው እንዲህ የወጠረው። የዓለም ታላቅ ሰው፣ ጥርሱ እያስቸገረው።

ማን ከፈለ? ቢንግሃም የሚባሉ የፊላደልፊያ ሀብታም ባልና ሚስት። አሠርተው ለእንግሊዛዊው ባላባት ማርኩዊስ ኦፍ ላንስዳውን በስጦታ ላኩት፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ሥዕሉ ለረጅም ጊዜ እንግሊዞች እጅ ቆይቶ፣ ሙዚየሙ በ2001 ከግል ድርጅት ባገኘው ልገሳ በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የአገሩን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ከእንግሊዝ ሰው በ20 ሚሊዮን መልሶ መግዛት፤ እኛም የምናውቀው ችግር ነው፣ የእኛ ግን ሽያጭ እንኳ አልነበረም።

አሁን የማይታየውን ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ለዚህ ሥዕል የተቀመጠው በ1796 ኤፕሪል ፊላደልፊያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር፣ እሱና ቤተሰቡ ገበታ ላይ ሳሉ፣ ኦና ጀጅ የምትባል በባርነት የያዟት ወጣት ከቤታቸው ወጥታ ተሰወረች። በመርከብ ኒው ሃምፕሸር ገባች። ሰው ላኩባት፤ ልትመለስ ፈቃደኛ አልሆነችም። በ1848 እስክትሞት እዚያው በነፃነት ኖረች። ፊቷ ግን የለም። የሚስልላት ሰው አልነበረም፣ የሚከፍልላትም። በአንድ የጸደይ ወቅት አንዱ ቀስተ ደመና ተስሎለት ሲቆም፣ ሌላዋ በበሩ ወጣች። እኔ ብጠየቅ ከዚህ ትልቅ ሥዕል አጠገብ ስሟን እኩል ትልቅ አድርጌ እጽፈው ነበር። ፖርትሬት ሙዚየም ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይሄው ነው፤ ፊቱ የቀረለትን ብቻ ነው ማሳየት የሚችለው፣ ፊቱ የጠፋበትን ሰው ራሳችሁ ይዛችሁት መግባት አለባችሁ።

እርግጥ ርካሽ አማራጭም ነበር። ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት የድሃ ሰው ፖርትሬት ጥቁር የወረቀት ቅርጽ ነበር፤ የጎን ፊታችሁን ጥላ ይከታተሉና ወረቀት ይቆርጡላችኋል። ሙዚየሙ የዚህ ዓይነት ብዙ አለው። (የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቢያያቸው ይደነግጣል። በእኛ ደንብ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው፣ በጎኑ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሓዲ ነው። ግድግዳ ሙሉ ከሓዲ!) በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ሞሰስ ዊልያምስ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ በሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል ቤት በባርነት ያደገ ሰው ነው። የፒል ልጆች ዘይት ቀለም ሲማሩ ለእሱ የተሰጠው መቀስና የቅርጽ ማውጫ መሣሪያ ነበር። በኋላ ነፃ ወጥቶ በዚያው በፒል ሙዚየም ጎብኚ እየተሰለፈ በሳንቲም ያስቆርጠው ጀመር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፊት በእጁ አለፈ። ነጭ ይሁን ጥቁር ወረቀቱ ላይ ሁሉም ጥቁር ነው።

ከዚያ ፎቶ መጣ፣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ፍሬድሪክ ዳግላስን እዩ። ከባርነት አምልጦ የአገሪቱ ትልቁ ተናጋሪ የሆነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእሱ በላይ ፎቶ የተነሳ አሜሪካዊ የለም ይባላል፣ ከሊንከንም በላይ። ለጉራ አልነበረም። ያኔ ጋዜጦች ጥቁርን ሰው የሚስሉት ለማላገጥ ነው፤ ወይ የሚስቅ፣ ወይ የሚያጎበድድ። ዳግላስ ካሜራ ፊት ሲቆም አይስቅም። ኮቱ ተተኩሷል፣ ፀጉሩ ተበጥሯል፣ ፊቱ ኮስተር ብሏል። እኔን ስትሉኝ የነበረው ሰው እዚህ የለም ነው የሚለው ፊቱ። ቤቱ እኮ ዛሬም እዚሁ ዲሲ አናኮስቲያ አለ፤ ለሌላ ቀን ይሁናችሁ።

ሶጆርነር ትሩዝ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ብልህ ናት ባይ ነኝ። በባርነት ተወለደች፣ ማንበብም መጻፍም አትችልም። ግን ፎቶ ቤት ሄዳ በካርድ መጠን ፎቶ ትነሳና እየሸጠች በገንዘቡ ትኖር፣ ትሰብክ ነበር። ፎቶው ላይ ነጭ ሻሽ አድርጋ፣ መነጽር አድርጋ፣ የሹራብ ሥራ ይዛ ተቀምጣለች፤ የተከበረች የቤት እመቤት። ከሥሩ ጥላውን የምሸጠው አካሉን ለማኖር ነው የሚል ጽሑፍ አሳትማለች፣ ባለመብትነቱንም በራሷ ስም አስመዝግባለች። ቀድሞ ሌሎች አካሏን ሸጠዋታል፤ አሁን እሷ ምስሏን ትሸጣለች። ማን ከፈለ? ራሷ። እንደውም አትርፋበታለች። ካርዱ ትንሽ ነው፣ መዳፍ አይሞላም፤ እንዳታልፉት።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ይህ ሙዚየም በ1968 ሲከፈት ፎቶግራፍ መሰብሰብ አይፈቀድለትም ነበር። ሙዚየሙን ያቋቋመው የ1962 ሕግ ነው የከለከለው፤ ፎቶ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው ተብሎ። የተፈቀደው በ1976 ነው። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ታሪክ ማለት በቀለም የተሳለ፣ በነሐስ የተቀረጸ ሰው ብቻ ነበር ማለት ነው። ዘይት ቀለም ያላሠራ ሰው ታሪክ የለውም። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ፕሬዚዳንት ካልሆነ በቀር ሰው ከሞተ አሥር ዓመት ሳይሞላው ቋሚ ስብስቡ ውስጥ አይገባም። እሱም በ2001 አካባቢ ቀረ። ዛሬ «ሁሉም ዓይነት ሰው ያለበት ሙዚየም» ስንለው ይሄ የሆነው ደንብ እየተቀየረ እንጂ እንዲሁ በቸርነት አይደለም።

የሊንከን ፎቶም አለ፣ የተሰነጠቀው። አሌክሳንደር ጋርድነር በ1865 ፌብሩዋሪ ያነሳው። ፎቶው የተነሳበት መስታወት ተሰንጥቆ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የታተመው፤ ስንጥቁ በራሱ አናት ላይ ያልፋል። ፊቱ ደክሟል፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለ። በሚቀጥለው ወር እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ድግሱን ደገሰ፣ በኤፕሪል ተገደለ። የወረቀት ፎቶ በብርሃን ስለሚጎዳ እንዲህ ያሉት ሁልጊዜ አይሰቀሉም፤ ይወርዳሉ፣ ይቀያየራሉ። ስለዚህ የጠቀስኩትን ሁሉ በአንድ ቀን አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ።

አንድ የሚያናድድ ሥዕልም አለ፣ «ሜን ኦፍ ፕሮግረስ»። በ1862 ክርስቲያን ሹሰል የሳለው ነው። አሥራ ዘጠኝ የአሜሪካ ፈጣሪዎች ጠረጴዛ ከበው ተሰብስበዋል፤ ሞርስ ከነቴሌግራፉ፣ ኮልት የሽጉጡ፣ ጉድይር የጎማው፣ ማኮርሚክ የማጨጃው። እንዲህ ሆነው አንድ ቀን እንኳ አልተሰበሰቡም፤ ሠዓሊው ነው ያሰባሰባቸው። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ወንድ። ይሄ ሕንጻ የፈጠራ ማረጋገጫ ቢሮ ነበር አላልኳችሁም? ሥዕሉ ከመሳሉ አራት ዓመት በፊት፣ በ1858፣ በባርነት ያለ ሰው ለፈጠረው ነገር ማረጋገጫ ሊሰጠው አይችልም፣ ጌታውም በስሙ ሊያወጣለት አይችልም ተብሎ ተወስኗል። ማኮርሚክን ማጨጃውን ሲሠራ ያገዘው ጆ አንደርሰን የሚባል በባርነት የያዙት ሰው ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር አልተሳለለትም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስትመጡ የሲቪል መብት ትግሉን የሚያሳይ ክፍል አለ። ሮዛ ፓርክስ ከእንጨት ተቀርጻ፣ እጇ በካቴና፣ በሁለት ፖሊስ መሃል። አራት ሴት ዳኞችም፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአንድ ትልቅ ሥዕል። የመጨረሻውን ልጃገረዶች ፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሱበታል፤ ሥዕሉ ለእኔ ትንሽ ደረቅ ነው፣ ግን ሥራውን ይሠራል።

እኔ የምመክራችሁ ሄንሪየታ ላክስን ነው። ካዲር ኔልሰን በ2017 የሳላት። እሷ የባልቲሞር አካባቢ ሴት ናት፣ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት። በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር ጆንስ ሆፕኪንስ ገባች፤ ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ናሙና ወሰዱ። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሕዋሶቿ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ መባዛታቸውን አላቆሙም፤ ከፖሊዮ ክትባት ጀምሮ ስንት ምርምር ተሠራባቸው። ቤተሰቧ ለዓመታት ምንም አልሰማም። በሕክምና ሙያ ውስጥ ያላችሁ፣ እዚህ ስንቶቻችሁ ነርስና ላብራቶሪ ውስጥ እንደምትሠሩ አውቃለሁ፣ «ሄላ» የሚለውን የሕዋሶቹን ስም ሰምታችኋል። እሷ ናት።

ሥዕሉ ላይ ፈገግ ብላ ቆማለች። ሰፊ ባርኔጣዋ ከራሷ ዙሪያ ክብ ሠርቷል፤ እንደ ቅዱሳን አክሊል። በሁለት እጇ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛለች፣ ሆዷ ላይ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቦታ ፊት። ቀሚሷን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከቁልፎቹ የጎደሉ አሉ። ሠዓሊው የተወሰደባትን ያሳየው በዚያ ነው፤ ደም የለም፣ መርፌ የለም፣ የጎደለ ቁልፍ ብቻ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ማን ከፈለ? ስለ እሷ ፊልም የሠራ የቴሌቪዥን ድርጅት፣ ከሞተች ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሥዕሉ ከጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየሙ ጋር የጋራ ንብረት ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የት እንዳለ ድረ ገጹ ላይ ተመልከቱ።

ኦባማን አልረሳሁትም። ያው እንግዶቻችሁ ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው። በ2018 ኬሂንዴ ዋይሊ የሳለው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአረንጓዴ ቅጠል ተውጦ። አበቦቹ ዝም ብለው አይደሉም፤ አንዱ የቺካጎ፣ አንዱ የሃዋይ፣ አንዱ የኬንያ ነው። ሚሼልን ኤሚ ሼራልድ ናት የሳለቻት፣ ቆዳዋን በግራጫ። አይመስላትም ያሉ ነበሩ። እኔም መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም፣ አሁን ግን ከእሱ የሷን እመርጣለሁ። ሁለቱ የተሰቀሉ ጊዜ ሙዚየሙ ውስጥ ወረፋ ተጀመረ። ኬኔዲን በአረንጓዴ ጭረት ጭረት የሳለችው ኤሌን ደ ኩኒንግ ናት፤ ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ ያጠናችሁ ሰላም በሉት። ጃንሆይን እዚሁ ዲሲ በ1963 ኦክቶበር ተቀብሎ በሚቀጥለው ወር ነው የተገደለው።

ስለ ወቅቱ ፖለቲካ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። በ2025 ማርች ትራምፕ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ታሪክን እንዴት እንደሚናገሩ የሚመለከት ትእዛዝ ፈረመ። በጁን የዚህ ሙዚየም ዳይሬክተር ለቀቀች፣ ፕሬዚዳንቱ አባርሬያታለሁ ካለ በኋላ። በጁላይ ያቺው ኤሚ ሼራልድ እዚህ ልታሳየው የነበረውን ትልቅ ኤግዚቢሽን ሰረዘች፤ አንዱን ሥዕሏን በተመለከተ በተነሳ ክርክር። ማንን ትደግፉም፣ አንድ ነገር ይገባችኋል። የሰው ፊት ግድግዳ ላይ መስቀል እንዲህ ያጣላል። እኛም አገር ማን ሐውልት ይቁምለት፣ ማን ይፍረስ እያልን ስንት ዓመት ተናቁረናል። ስለዚህ ጽሑፎቹን አንብቡ። ከሥዕሉ ሥር ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ናት ዋናው ጨዋታ።

ጽሑፎቹ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ናቸው። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አስተርጓሚው እናንተ ናችሁ፤ ቀድማችሁ አምስት ስድስት ሰው መርጣችሁ ታሪካቸውን አንብባችሁ ሂዱ። ሁሉንም ላሳያቸው ካላችሁ እግራቸው ያልቃል። ትልልቅ ሰዎች ይህን ሙዚየም ከሌሎቹ የበለጠ ይወዱታል፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የፊት ነገር ትምህርት አይጠይቅም። «ይቺ ሴትዮ ተበድላለች» ይላሉ ጽሑፉን ሳያነቡ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው።

ከአምስት ስንት ትሰጣለህ ካላችሁኝ፣ አራት ከግማሽ። ግማሿን የቀነስኩት ለኦና ጀጅ ነው።

ሲደክማችሁ መሃል ላይ ያለው ግቢ አለ። ጣሪያው በሙሉ መስታወት ነው፣ ሞገድ የሚመስል፤ በ2007 የተከፈተ፣ የኖርማን ፎስተር ቢሮ የነደፈው። ዛፍ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ካፌ አለ፣ ክረምትም በጋም ይቀመጡበታል። እዚያው ሕንጻ ውስጥ የአሜሪካ ሥዕል ሙዚየም የሚባል ሌላ ሙዚየም ስላለ ግራ እንዳትጋቡ፤ ክፍሎቹ የተያያዙ ናቸው፣ ሳታውቁት ከአንዱ ወደ ሌላው ትገባላችሁ። የሚከፈተው ከጠዋቱ 5፡30 እስከ ምሽቱ 1፡00 ነው በእኛ ሰዓት፤ በጠዋት ተነስታችሁ በር ላይ እንዳትቆሙ። በባቡር ሂዱ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያደርሷችኋል። አጠገቡ ጨዋታ ያለ ቀን ምሽት ላይ ሰፈሩ በሰው ይጥለቀለቃል፣ በመኪና ከሆናችሁ የዚያን ቀን ተዉት።